የአፈር ሐኪም ቤት፦ የተመረዘ መሬት እንዴት ይታከማል?

ሐምሌ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ከምሽቱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥሩነሽ ዲባባ በለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ እኛ ገና የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ነበርን። እንድናመሽ ተፈቅዶልን ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለናል። መጨረሻው ሲቃረብ ተስፈንጥራ ስትወጣ የጮኽነው ጩኸት ዛሬም ጆሯችን ላይ አለ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ደገመችው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል እግራቸው ሥር ያለው መሬት ከጥቂት ዓመታት በፊት ምን እንደነበረ ማን ጠየቀ? እኛም አልጠየቅንም።

ጥያቄው የመጣው ዘንድሮ ነው። የመጣውም ከጎመን ነው።

አንባብያን እንደምታስታውሱት የሳይንስ ክበባችን ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለአትክልት ተረክቦ ነበር። ቆፈርን፣ መደብ ሠራን፣ ችግኝ አዛወርን፣ ውኃ አጠጣን። ጎመኑ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ተኛ። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ፍየል በልቶት ነው» ብለው ሲቀልዱብን ከረሙ። ጠጋ ብለን ስንቆፍር ከአንድ ስንዝር በታች አፈሩ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሆኖ አገኘነው፤ ሽታው የጋራዥ ሽታ ነው። ለካ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው፣ መቼ እንደሆነም በማይታወቅ ጊዜ፣ የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት ኖሯል። የኬሚስትሪ መምህራችን እፍኝ አፈር አንስተው አሸተቱና «ልጆች፣ ይኼ መሬት ታሟል፤ ሐኪም ቤት ያስፈልገዋል» አሉን። የቀለዱ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን የለንደኑን ስታዲየም ታሪክ ያነሡልን ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብነውንና የተከራከርንበትን ለእናንተ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ቦታው በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። ሊ የተባለው ወንዝ ወደ ቴምዝ ከመቀላቀሉ በፊት እዚህ ላይ በብዙ ቦይ እየተከፋፈለ ያልፋል። መሬቱ ዝቅ ያለና ረግረጋማ ነበር። ስፋቱ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 250 ሄክታር ነው። ታዲያ ፋብሪካ ሁሉ ለምን እዚህ ተሰበሰበ? አንደኛ፣ የድንጋይ ከሰሉንና ጥሬ ዕቃውን ጀልባ በርካሽ ያመጣል፤ ወንዙ ደግሞ ውኃ ይሰጣል፣ ቆሻሻም ይወስዳል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣ ሕግ አደገኛና መጥፎ ሽታ ያላቸው ሥራዎች በለንደን ከተማ ውስጥ እንዳይሠሩ ገደበ፤ ሊ ወንዝን የተሻገረ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ነፋሱ ነው። በለንደን ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከምዕራብ ስለሆነ ጭሱና ሽታው ወደ ምሥራቅ ይነዳል። ስለዚህ ባለጸጋው በነፋሱ መነሻ፣ ድኻው በነፋሱ መድረሻ ሰፈረ። ጂኦግራፊ ስናስተምር «ፋብሪካ ጥሬ ዕቃና መጓጓዣ ባለበት ይተከላል» ብለን ብቻ ማለፋችን ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

በዚህ ሸለቆ ያልተሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከከሰል ጋዝ ይወጣ ነበር፤ ማቅለሚያ፣ ሳሙና፣ የሕትመት ቀለም፣ ኬሚካል ይመረት ነበር። አሌክሳንደር ፓርክስ የተባለ ሰው በዓለም የመጀመሪያ የሚባለውን ፕላስቲክ፣ ፓርክሳይንን፣ ለማምረት እ.ኤ.አ. በ1866 ኩባንያ ያቋቋመው እዚያው ሀክኒ ዊክ ነው፤ ኩባንያው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደቀ። እኛ ቤንዚን የምንለውን እንግሊዞች የሚጠሩበት «ፔትሮል» የሚለው ስምም የንግድ ስም ሆኖ የወጣው በዚያ ሰፈር ካለ ማጣሪያ ነው ይባላል። ብልሃተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ትርፉን ገበያ ሲወስደው ዝቃጩን መሬቱ ወሰደው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈረሱ ቤቶች ፍርስራሽ በአካባቢው ተደፋ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ቦታው የቆሻሻ መጣያና የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ሆነ፤ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ አሮጌ ፍሪጆች እንደ ኮረብታ ተከምረውበት ነበር።

ለንደን የ2012ን ኦሊምፒክ እንድታዘጋጅ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2005 ተመረጠች። ሰባት ዓመት ብቻ! ከ200 በላይ ሕንፃዎች ፈረሱ። ፍራሹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊትና ጎን ለጎን መሬቱ ከ3,000 በላይ በሆኑ ቦታዎች ተቆፍሮ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነው፦ ዘይት፣ ቤንዚን፣ ሬንጅ፣ ሳያናይድ፣ አርሴኒክ፣ እርሳስ። በመካከሉ አርኪዮሎጂስቶችም ገብተው ነበርና፣ ዋና በሚዋኝበት ሕንፃ ቦታ ላይ ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች ክብ ጎጆና መቃብር አገኙ። የዘይቱ ዘመን ከላይ፣ የጎጆው ዘመን ከታች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መሬት ተመረዘ ማለት ምን ማለት ነው? መርዝ ስላለበት ብቻ አደጋ አለ ማለት አይደለም። ምሳሌ እንስጥ። ግቢ ውስጥ ተናካሽ ውሻ አለ፤ በሩ ክፍት ነው፤ በበሩ ፊት መንገደኛ ያልፋል። ሦስቱ ሲገናኙ ብቻ ሰው ይነከሳል። ውሻውን ማስወገድ ይቻላል፤ በሩን መዝጋት ይቻላል፤ መንገደኛውን በሌላ መንገድ እንዲሄድ ማድረግም ይቻላል። በመሬትም እንዲሁ ነው። መርዙ ውሻው ነው። በሩ አቧራው፣ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውኃ፣ የአትክልቱ ሥር፣ አፈር የነካ የሕፃን እጅ ነው። መንገደኛው ሰው፣ ከብት ወይም ዓሣ ነው። ማንኛውም የመሬት ሕክምና ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይበጥሳል። ስለ አንድ የተመረዘ ቦታ ሲወራ «የትኛውን ነው የበጠሱት?» ብሎ መጠየቅ ነው እንግዲህ።

የለንደን ባለሙያዎች በአብዛኛው ውሻውን ለማስወገድ ሞከሩ። ቀላሉ መንገድ አፈሩን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ቆሻሻ መቅበሪያ መውሰድ፣ በምትኩ ንጹሕ አፈር ከገጠር ማምጣት ነበር። ይህ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው የመኪና ምልልስ ነው፤ በሽታውንም ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው። ስለዚህ እዚያው ሥራው ቦታ ላይ «የአፈር ሆስፒታል» ብለው የሰየሙትን ጣቢያ አቋቋሙ። መምህራችን አልቀለዱም ነበር ማለት ነው! የተቆፈረው አፈር ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ነው፤ ከስታዲየሙ ቦታ ብቻ ወደ 800,000 ቶን ወጥቷል። እያንዳንዱ ጭነት ይመረመራል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተገኘበት፣ ወዴት እንደሚሄድ ይመዘገባል፤ ልክ እንደ ሕመምተኛ ካርድ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ታክሞ እዚያው ተመልሶ ጥቅም ላይ ውሏል።

ከሕክምናዎቹ ዋናው ማጠብ ነው። አፈር ይታጠባል ሲባል እኛም መጀመሪያ አልገባንም፤ አፈር ራሱ አይደለም ወይ እጅ የሚያስታጥበን? ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር አንድ ነገር አይደለም፤ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተቀላቅለው ነው። መርዙ በሁሉም ላይ እኩል አይቀመጥም። ወጥ ቤት ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ድንችና በደቃቁ የተከተፈ ድንች በበርበሬ ለውሱ። የትኛው ብዙ በርበሬ ይይዛል? የተከተፈው፤ ምክንያቱም ክብደቱ እኩል ሆኖ ሳለ ገጹ በዝቷል። ደቃቁ ሸክላም እንዲሁ ለመርዙ የሚለጠፍበት ብዙ ገጽ ይሰጠዋል፤ ጠጠሩና አሸዋው ግን ጥቂት ነው የሚይዙት። ስለዚህ ማሽኑ አፈሩን በወንፊት ይለያል፣ በውኃ እያላቀጠ ያፋትጋል፣ ከባዱ ሲዘቅጥ ቀላሉን ያንሳፍፋል። ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ የሚሠሩትን አስቡ፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ብዙው ጠጠርና አሸዋ ነው፤ የሚለየው ጥቂቱና ደቃቁ ጭቃ ነው። መጨረሻ ላይ ንጹሕ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይወጣል፤ ጭቃው ተጨምቆ እንደ ቂጣ ይሆንና እሱ ብቻ ወደ ልዩ መቅበሪያ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ መርዙ አልጠፋም። ተሰበሰበ፣ ጠበበ፣ አድራሻው ታወቀ።

ሌላው ሕክምና የባክቴሪያ ነው። ዘይትና ቤንዚን ለኛ መርዝ ቢሆኑም ለአንዳንድ ደቂቃን ነፍሳት ቀለብ ናቸው። አፈሩ ይከመራል፣ አየር እንዲያገኝ ይገላበጣል፣ እርጥበቱ ይጠበቃል፣ ምግብ ይጨመርለታል፤ ባክቴሪያው ዘይቱን እየፈጨ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጠዋል። ይህ መንገድ ርካሽ ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእርሳስና ለአርሴኒክ አይሠራም። ዘይት ይበላል፤ እርሳስ ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ ምንም ባክቴሪያ ቢመጣ እርሳስነቱን አይተውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሲሚንቶ በመሰለ ማጣበቂያ አፈሩን ማሰር አለ፤ መርዙ በውኃ እንዳይታጠብ እዚያው ይታሰራል። ይህ እንግዲህ በሩን መዝጋት ነው።

ከላይ ደግሞ ሌላ በር ተዘጋ። በፓርኩ ሰው በሚረግጠው ቦታ ከሥር ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ተነጥፎ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አፈር ተደለደለበት። ጨርቁ መርዝ አያቆምም፤ ምልክት ነው። ወደፊት አንድ ሠራተኛ ቧንቧ ሊቀብር ቢቆፍር ጨርቁን ሲያይ «ቁም!» እንዲለው ነው። ይህን ስናነብ አንዷ ጓደኛችን «ለማያውቁት ለልጅ ልጆቻቸው ደብዳቤ ቀበሩ» አለች።

ወንዙም አልተረሳም። ከቦዮቹ 30,000 ቶን ደለል፣ ጠጠር፣ የመኪና ጎማ፣ የገበያ ጋሪና መኪና ጭምር ወጣ። የተመረዘው የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ ተጣራ። በየዳሩ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር የውኃ ዳር ተክል ተተከለ። የጃፓን አረም የሚሉትን፣ አስፋልት እየሰነጠቀ የሚወጣ መጤ ተክል ለማጥፋትም ብዙ ለፍተዋል፤ ጣና ላይ የእምቦጭን ነገር የሰማ ሰው ይህን ድካም በደንብ ይረዳዋል። ከፍተኛ ኃይል ተሸክመው በሸለቆው ላይ ቆመው የነበሩ 52 የኤሌክትሪክ ማማዎች ተነቅለው መስመሩ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ሜትር በሆኑ ሁለት ዋሻዎች ከመሬት በታች ገባ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ትክክል አይሆንም። ክሌይስ ሌን በሚባል የኅብረት ሥራ መኖሪያ ከ400 በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ተነሡና ቤቶቹ ፈረሱ። ወደ 200 የሚጠጉ ድርጅቶችም ተነሡ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የከተማው ሰዎች አትክልት የሚያለሙበት ማኖር ጋርደን የሚባል ቦታም እንዲሁ ለቀቀ። ይህኛው ለኛ ለጎመን ተካዮች ከሁሉ የበለጠ ነካን። በተጨማሪም ሲቆፈር አነስተኛ የጨረራ ኃይል ያለው ዝቃጭ ተገኝቶ እዚያው ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ ጉድጓድ ተቀብሯል፤ ባለሥልጣኖቹ አደጋ የለውም ቢሉም ነዋሪዎች በዚህ ላይ ብዙ አጉረምርመዋል።

ከጨዋታው በኋላ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በየተራ ለሕዝብ ተከፈተ። ስፖርተኞች ያደሩበት መንደር 2,818 መኖሪያ ቤቶች ሆነ፤ ግማሽ ያህሉ ኪራዩ ከገበያው ዝቅ እንዲል ተደረገ። ስታዲየሙ ከ2016 ጀምሮ የዌስትሃም ሜዳ ነው። (በ2017ቱ የዓለም ሻምፒዮና አልማዝ አያና በ10,000፣ ሙክታር እድሪስ በ5,000 ሜትር ያሸነፉትም እዚሁ ነው፤ መቼም ይህ አፈር ለኛ ሰው ይስማማዋል።) በሌላ በኩል በዙሪያው የቤት ዋጋና ኪራይ ናረ። አፈሩ ሲጸዳ ዋጋው ወጣ፤ ዋጋው ሲወጣ በጭሱ ዘመን እዚያ የኖረው ሰው መክፈል አቃተው።

በዚህ ነጥብ ላይ ክበባችን ሁለት ወገን ሆኖ ተከራክሯል። አንዱ ወገን «ኦሊምፒክ ባይኖር ያ መሬት ዛሬም የፍሪጅ ኮረብታ ነበር፤ መርዝ ውስጥ መኖር መብት አይባልም» አለ። ሌላው «ማጽዳቱን ማን ተቃወመ? ሲታመም አብሮት የኖረ፣ ሲድን ለምን ይባረራል?» አለ። ክርክሩ እራት እስኪደወል አላበቃም። የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ከዚህ የሚለይ ሐሳብ ያለው ቢጽፍልን ከዚሁ ጎን እንለጥፍለታለን።

ከዚያ በኋላ ወደ ራሳችን በሽተኛ ተመለስን። መጀመሪያ ማጠብን ሞከርን። በመስታወት ማሰሮ አፈሩን፣ ውኃና ጥቂት ኦሞ ጨምረን አጥብቀን ነቀነቅነው፤ አስቀመጥነው። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፤ ጭቃው ቀስ እያለ ተከተለ፤ ላይ ላይ ጥቁር የዘይት ቆዳ ተንሳፈፈ። መጽሐፉ ያለው ሁሉ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ታየ። ምንም ወጪ የለውምና ወደየትምህርት ቤቱ ስንሄድ ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ጥሩ መርጃ ይሆናል። ደስ ብሎን ከመካከላችን አንዱ ማሰሮውን አንሥቶ እጥበቱን ቱቦ ውስጥ ሊደፋ ሲል መምህራችን «ቆይ! ምን አጸዳህ? ቦታ ለወጥክ እንጂ!» ብለው ጮኹበት። ቱቦው የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ። ማሰሮው ክዳን ተደርጎበት አሁንም ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ አለ፤ ሂዳችሁ እዩት።

ሁለተኛው ሐሳብ ከላይ ንጹሕ አፈር ደልድሎ እንደገና ጎመን መትከል ነበር። ፈጣን ነው፤ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን የጎመን ሥር ስንዝር ላይ አያቆምም፤ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከሞተር የሚወጣ ብረታ ብረት ይዞ ይመጣል። በዓይን ያማረ ጎመን ምን እንደያዘ እኛ በምን እናውቃለን? ለምርመራ የሚሆን መሣሪያ የለንም። ስለዚህ ከዚያ ቦታ የሚበላ ነገር እንዳይተከል ተስማማን። ቀላል ስምምነት አልነበረም፤ ለወጥ ቤቱ ጎመን ቃል ገብተን ነበርና።

አሁን የያዝነው የባክቴሪያውን መንገድ ነው። ጥቁሩን አፈር አውጥተን፣ ዝናብ እንዳያጥበው ላስቲክ ላይ ከምረን፣ ከብስባሽና ከእንጨት ቤቱ ካመጣነው ሰጋቱራ ጋር ደባልቀነዋል። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንገለብጠዋለን፤ ሲደርቅ ውኃ እንረጨዋለን። በላዩ ያለውን መኖሩ ለማያውቅ ሰው እንዲታይ በካርቶን «የታመመ አፈር፤ አትንኩ» ብለን ጽፈናል፤ ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ዝናብ ስላበላሸው ሦስተኛውን በቆርቆሮ ላይ በቀለም ጽፈነዋል። በየወሩ ከክምሩ ትንሽ ወስደን በጣሳ የሽምብራ ፍሬ እንዘራበታለን፤ ለመብላት ሳይሆን ብቅለቱን ለመቁጠር። በመጀመሪያው ወር ከአሥሩ ሁለት በቀሉ። በሁለተኛው ወር አራት። ሦስተኛው ጣሳ ባለፈው ሰኞ ተዘርቷል፤ ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ሰጋቱራ አልቆብናልና ከእንጨት ሥራ ክፍል ያላችሁ ከረጢት ብትይዙልን ዓርብ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ታገኙናላችሁ።